ልጃችሁ «የሚያናግረኝ ድምፅ አለ» ሲላችሁ፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ ጤና ጣቢያ

«ልጄ የሚጠራኝ ሰው አለ ይላል። እኔ ምንም አይሰማኝም። ምን ይሻለኛል?»

ይህ ጥያቄ አያልቅም። ከደምበጫ ይደወልልኛል። ከሞጣ ልጅ አዝለው ይመጣሉ። ገበያ መሀል እጄን ይዘው ወደ ዳር የሚወስዱኝም አሉ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ጎጃም ነው። በቃል ስመልስ ሰው ግማሹን ይዞ ግማሹን ረስቶ ይሄዳል። የደነገጠ ሰው ብዙ ነገር አይይዝም። ስለዚህ የሚደረገውን በተራ ጻፍኩት። ከ4 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል።

አንደኛ፣ አትሸበሩ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ10 ልጆች አንዱ ገደማ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሰምቶ ያውቃል። በአብዛኞቹ ላይ ነገሩ እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከ13 ዓመት በታች እጅግ ብርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ድምፅ በደም ምርመራ አይታይም። ራጅም አያሳየውም። እኔም ሐኪሙም ልንሰማው አንችልም። ያለን መንገድ የልጁ አፍ ብቻ ነው። ልጁ መናገር ካቆመ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ነን። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው እርምጃ ያንን አፍ ክፍት ለማቆየት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ካያችሁ ሌላውን ኋላ አንብቡት፤ አሁኑኑ ሂዱ

- ትኩሳት ኖሮት የሚቀባጥር ከሆነ፣ ሰው ካላወቀ፣ ወይም አንገቱ ከደረቀ። ወባም ማጅራት ገትርም እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ።
- ከተንዘፈዘፈ፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም ከመንቃት ይልቅ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው።
- በቅርብ ቀን ከዛፍ፣ ከአህያ ወይም ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ።
- ያልታወቀ ተክል፣ ክኒን ወይም የተባይ መድኃኒት ቀምሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ።
- ድምፁ «ራስህን ጉዳ»፣ «ወንዝ ግባ»፣ «ሕጻኑን ምታው» የሚለው ከሆነ፣ ወይም ልጁ ራሱ መሞት እፈልጋለሁ ካለ።
- ምግብና ውሃ እምቢ ካለ፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ካደረ።

በእነዚህ ላይ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» አይሠራም። ቀኑ በዓል ቢሆንም፣ ሌሊት ቢሆንም። የወረዳችሁን የአምቡላንስ ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዛሬ ተቀብላችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በጨለማ ቁጥር መፈለግ ከባድ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- ባዶ ወረቀትና ከለር፤ ከለር ከሌለ እርሳስ ይበቃል
- የሙቀት መለኪያ፤ ከሌላችሁ ጤና ኬላ ይለኩላችኋል
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነመያዣው፣ ያለፈ የሕክምና ካርድም ካለ
- ሰው የማይገባበት ግማሽ ሰዓት

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ጎረቤት የማይጠፋበት ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጁን ይዛችሁ ውሃ ልትቀዱ ውጡ፣ ወይም ከብት ስትመልሱ አብሯችሁ ይሂድ። ብዙ ልጅ ፊት ለፊት ከሚያፈጥበት ሰው ይልቅ ጎን ለጎን ለሚሄድ ሰው ነው የሚናገረው።

እርምጃ 1፦ ባላችሁበት ቁጭ በሉና የተናገረውን ተቀበሉ

ልጁ ይህን የሚነግራችሁ በማይመች ሰዓት ነው። ሊጥ እያቦካችሁ፣ እንግዳ ቤት ውስጥ እያለ፣ ወይም እኩለ ሌሊት። የያዛችሁትን አስቀምጡ። ፊታችሁ ከፊቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ዝቅ በሉ። ከዚያ ይህን የመሰለ ነገር በሉት፦ «ስለ ነገርከኝ ጎበዝ፣ ሆዴ። እዚሁ ነኝ። እስኪ ንገረኝ።» በቃ። ገና ምንም አታስረዱ።

ለምን? ልጁ በዚያች ደቂቃ ቃላችሁን ብዙም አይሰማም። የሚያየው ፊታችሁን ነው። ፊታችሁ ላይ ድንጋጤ ካየ «መጥፎ ነገር አድርጌያለሁ» ብሎ ይደመድማል። ቁጣ ካየ ሁለተኛ አይናገርም። ድምፁ ግን በመቆጣት አይቆምም። የሚቆመው መናገሩ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። አንዱ «ምንም የለም፣ ውሸታም!» ማለት ነው። ለእሱ ድምፁ የእውነት ተሰምቶታል፤ አልዋሸም። ሌላው ደግሞ ለማጽናናት ሲባል «አዎ፣ እኔም ይሰማኛል» ማለት ነው። ይህ ፍርሃቱን ያጸድቅበታል። መሀሉን ያዙ፦ «ለእኔ አይሰማኝም። አንተ ግን እየሰማህ እንደሆነ አምንሃለሁ።» ይህች ዓረፍተ ነገር በብዙ ቤት ስትሠራ አይቻለሁ። እውነት ናት፣ ልጁንም አታሳፍርም።

እርምጃ 2፦ የእውነት ድምፅ አለመሆኑን አጣሩ

የሚያሳዝነው ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ልጁን ባትሪ አስይዙትና አብራችሁ ተመልከቱ። ቆርቆሮው በንፋስ ይንቋቋል? ጣሪያው ውስጥ አይጥ አለ? የጎረቤት ሬድዮ ሌሊት ሳይጠፋ ያድራል? ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የድምፅ ማጉያ በሌሊት ይሰማል? ግድግዳው በስሱ የተመረገ ከሆነ የጎረቤት ሹክሹክታም ይገባል። አንድ ጊዜ በደንብ ተመልከቱ፣ ይበቃል። በየሌሊቱ ከፈተሻችሁ «የሚፈለግ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ ያስባል።

አሁን ከባዱን ልናገር። «ማታ በመስኮት የሚጠራኝ ሰው አለ» ያለ ልጅ፣ በእርግጥ የሚጠራው ሰው ሊኖር ይችላል። «ለማንም እንዳትነግሪ ይለኛል» ያለች ልጅ ከሆነች ደግሞ መጀመሪያ የምታስቡት በሕይወት ስላለ ሰው ይሁን። ማን ነው? ዘመድ ነው? ቤት ውስጥ የሚያድር ነው? ልጆች በደልን በቀጥታ አይናገሩም፤ በጎን ይነካኩታል። ጥርጣሬ ካላችሁ ልጅቷን ከዚያ ሰው ጋር ብቻዋን አትተዉ። ሰውየውን ተናግራችሁ ከማስደንገጣችሁ በፊት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷትና ለባለሙያው ንገሩ። በቅርቡ የሆነ ነገር አለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳታጥቧትና ልብሷን ሳትቀይሩ በዚያው ቀን ሂዱ።

እርምጃ 3፦ ሰውነቱን እዩ

ድምፅ መስማት ሁልጊዜ ከአእምሮ ሕመም አይመጣም። ሰውነት ሲታመም አንጎልም ይናወጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ተመልከቱ።

ትኩሳት። በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ። በዓባይ በረሃ ዳር፣ በጣና ዙሪያ ወይም በማንኛውም ቆላ የምትኖሩ ከሆነ የወባ ምርመራ ይደረግለት። ደጋ ብትኖሩም ልጁ ሰሞኑን ቆላ ወርዶ ከነበረ ንገሯቸው።

አስተናግር። አጤ ፋሪስም ይባላል። በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መድፊያው የሚበቅለው፣ ነጭ ጡሩንባ የመሰለ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነው ተክል ነው። ልጆች ፍሬውን እየተጫወቱ ይቀምሱታል። ለትምህርት ማስከፈቻ ተብሎ የሚሰጠው አብሾም የሚሠራው ከዚሁ ነው። የበላ ልጅ አፉ ይደርቃል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ይተኩሳል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ የሌለ ነገር ያያል ይሰማልም። ባትሪ አብርታችሁ ብሌኑን እዩ። በብርሃን ካልጠበበ ቶሎ ሆስፒታል። አታስመልሱት፣ ወተትም አታጠጡት፤ የሚቀባጥር ልጅ ምግብና ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከተገኘ የተክሉን ቅንጣቢ ይዛችሁ ሂዱ።

የከሰል ጭስ። በክረምት ደጋው ላይ ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ከሰሉ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ምልክቱ ደግሞ ከልጁ ሌላም ቤተሰብ ጠዋት ራሱን የሚያመው መሆኑ ነው። በር ክፈቱ፣ ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና።

ጆሮ። ልጁ «ጆሮዬ ይጮኻል»፣ «ጭው ይላል» ማለቱን «ድምፅ ይሰማኛል» ብላችሁ ተርጉማችሁት ሊሆን ይችላል። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ሕመም አለ? ስትጠሩት ይሰማል? ጆሮው ውስጥ ዘይትም ቅጠልም አታድርጉ።

ድንገተኛ ፍዝዝ ማለት። ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ለጥቂት ሰከንድ ወይም ለአንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ፣ ልጁም በዚያ ጊዜ ፍዝዝ ካለ ወይም ከንፈሩን ካላመጠ፣ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ሳይወድቁም የሚመጣ የሚጥል በሽታ አለ። ከቻላችሁ በስልክ ቅረጹት። ለሐኪም እንደዚያ ቪዲዮ የሚረዳ ነገር የለም።

አዲስ መድኃኒት። በቅርቡ የጀመረው ካለ፣ የጉንፋን ሽሮፕም ቢሆን፣ ጻፉት።

እርምጃ 4፦ ጠይቁ፤ ግን አታስተምሩት

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ስለዚህ ቀስ እንበል።

ልጅ ሲጠየቅ ጠያቂው የሚፈልገውን መልስ ይሰጣል። «ጥቁር ሰውዬ ነው? ይጠራሃል? ና ይልሃል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሦስቱንም «አዎ» ይላል። በማግሥቱ ጥቁር ሰውዬ በእርግጥ መታየት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። ታሪኩ ግማሹ የልጁ፣ ግማሹ የአክስቱ ነበር። የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ሳምንታት ፈጅቶብናል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ ክፍት ይሁን፦

- «ምን ይላል?» ልጁ ያለውን በራሱ ቃል ድገሙለትና ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም ታገሱ።
- «መቼ ነው የሚመጣው? ልትተኛ ስትል? ስትነቃ? ቀን ስትጫወትም?»
- «ድምፁ ከየት ነው? ከውጭ ነው ወይስ ከጭንቅላትህ ውስጥ?»
- «የምታውቀው ሰው ድምፅ ይመስላል?»
- «ሲመጣ ምን ትሆናለህ? ትፈራለህ? ደስ ይልሃል? ትናደዳለህ?»
- «ምን ስታደርግ ይሄድልሃል?»

የመጨረሻዋን አትዝለሉ። ልጁ ራሱ መፍትሔ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። አንዲት የ7 ዓመት ልጅ «በጎቼን ስቆጥር ይጠፋል» ብላኛለች። እኔ ከማውቀው ዘዴ ሁሉ ለእሷ የሠራላት ይኸው ነው።

ከዚያ ሁለት ቀጥተኛ ጥያቄዎች አሉ። እነዚህን አታድበስብሱ፦ «አድርግ ብሎ የሚያዝህ ነገር አለ?» እና «ራስህን ወይም ሌላ ሰው ጉዳ ብሎህ ያውቃል?» ወላጆች «ብጠይቀው ሐሳቡን እሰጠዋለሁ» ብለው ይፈራሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም። ሐሳቡ ካለ ግን ብቻውን እንዳይሸከመው ያደርገዋል። «አዎ» ካለ አትጩኹ፣ አትምሉ፣ አታስምሉት። «አመሰግናለሁ፣ አብረን እንጠብቅሃለን» በሉት። ቢላዋ፣ ገመድ፣ ክኒንና የተባይ መድኃኒት ከቤት አርቁ፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ቃል ለሚያጥረው ልጅ ወረቀት ስጡት። «እስኪ ሳለው» በሉት። ከሳለ በኋላ «ይህ ጋኔን ነው?» አትበሉ። «ስለ ሥዕሉ ንገረኝ» በሉ።

ሌላም አለ። ብዙ ትንንሽ ልጆች የፈጠሩት ጓደኛ አላቸው። ያወሩታል፣ ምግብ ያካፍሉታል። ልጁ ጓደኛውን ራሱ የሚያመጣውና ራሱ የሚያሰናብተው ከሆነ፣ ደስም ካለው፣ ጨዋታ ነውና ተዉት። የሚያሳስበው ሳይጠሩት የሚመጣው፣ እምቢ ሲሉትም የማይሄደው ነው።

በአንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ በላይ አትጠይቁ። በየቀኑ መመርመርም ልጁን ያደክመዋል።

እርምጃ 5፦ ለ14 ቀን መዝግቡ

በደብተሩ ላይ በየቀኑ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀንና ሰዓት፣ ልጁ ያለው ቃል እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ምን ያደርግ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን እንዳረጋጋው። እንዲህ ለማለት ነው፦

«ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት። እማ ብሎ የሚጠራ ሰው አለ አለኝ። አልጋ ላይ ነበር። ትናንት ሌሊት 6 ሰዓት ነው የተኛው። እጁን ይዤው ዘፈንኩለት፣ ተኛ።»

ለምን? ትዝታ ያታልላል። የፈራች እናት «ሁልጊዜ ነው» ትለኛለች፤ ደብተሩ ግን በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለቴም አልጋ ላይ ይላል። ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ይናገራል። እንቅልፍ ሊወስድ ሲል ወይም ሲነቃ ብቻ የሚመጣ ድምፅ በጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነው። አንጎል ግማሹ ነቅቶ ግማሹ እያለመ ስለሆነ ነው። ስም ሲጠራ መስማት በተለይ የተለመደ ነው። እኛም «በጨለማ ለጠራህ ሁሉ አቤት አትበል» እየተባልን አይደል ያደግነው?

ደብተሩን ልጁ እንዳያነበው፣ ጎረቤትም እንዳያነበው አስቀምጡት።

እርምጃ 6፦ እንቅልፉን አስተካክሉ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ቀን የሚተኛውን ጨምሮ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ጠዋት 12 ሰዓት ለትምህርት የሚነሣ ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ተኝቶ መገኘት አለበት ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ድምፅ ይፈጥራል። አዋቂም ላይ ይህ ይደርሳል።

ከመተኛቱ አንድ ሰዓት በፊት ስልክ ውሰዱበት። በተለይ የሚያስፈራ ቪዲዮ ማን እንደሚያሳየው እወቁ፤ ብዙ ጊዜ ታላቅ ወንድም ነው። ማታ ማታ ቡናና ሻይ አይጠጣ። «ተኛ፣ አለዚያ ጅቡ መጣልህ!» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። የአያ ጅቦ ተረት ከወደደ ጅቦ የሚሞኝበትን ንገሩት። ደብዛዛ መብራት ቢበራለት ችግር የለውም፤ ኩራዝና ሻማ ግን ተኝቶ ሳለ አይሁን።

እርምጃ 7፦ ለልጁ የሚይዘው ነገር ስጡት

ድምፁ ሲመጣ ልጁ የሚያደርገው ነገር ካለው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ፍርሃት ሲቀንስ ድምፁም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ይመጋገባሉና። ቀን፣ ድምፁ በሌለበት ሰዓት፣ እንደ ጨዋታ አለማምዱት፦

- ያንጎራጉር፣ ይዝፈን፣ ጮክ ብሎ ያንብብ። አፍና ጉሮሮ ሥራ ሲይዙ ድምፁ ለብዙ ልጆች ይደክማል።
- የሚያየውን 5 ነገር፣ የሚነካውን 4፣ የሚሰማውን 3፣ የሚያሸተውን 2፣ የሚቀምሰውን 1 ይቁጠር።
- «አሁን እየተጫወትኩ ነው፣ አልሰማህም» ይበለው። ማዘዝ የሚችለው እሱ እንጂ ድምፁ እንዳልሆነ ይልመድ።
- ወደ ማን እንደሚሮጥ ይወቅ። ቤት ውስጥ አንድ፣ ትምህርት ቤት አንድ ሰው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታስተምሩት። አንዱን ይምረጥ።

እርምጃ 8፦ ከበስተጀርባ ያለውን ፈልጉ

ልጁ ድምፅ መስማት ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ቤት ውስጥ ምን ሆነ? ሰው ሞቷል? አያቷን የቀበረች ልጅ የአያቷን ድምፅ ብትሰማ ሐዘን ነው። «እማማ ምን አሉሽ?» ብላችሁ ስለ አያቷ አብራችሁ አውሩ። ልጆች ከለቅሶ ቤት ይገፋሉ፣ ሐዘናቸውን ግን የትም አያደርሱትም። ተኩስ ሰምቷል? ከቀዬው ተፈናቅሏል? አባትና እናት ይጣላሉ? ትምህርት ቤት የሚመታው ልጅ አለ? መምህሩ ይገርፈዋል?

የቆሎ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ለብቻው አስቡት። በ8 እና በ9 ዓመቱ ከቤት ርቆ፣ በጎጆ እያደረ፣ ውሻ እየፈራ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚቀጽል ልጅ ረኃብም እንቅልፍ ማጣትም ናፍቆትም አለበት። አብሾ ጠጥቶ እንደሆነም ጠይቁ። የኔታን በአክብሮት ቀርባችሁ ልጁ ለጥቂት ሳምንት ቤቱ እንዲያርፍ ለምኑ። ሲያርፍና ሲበላ ድምፁ የተወው ልጅ አይቻለሁ።

እርምጃ 9፦ ማን ይወቅ?

ጥቂት ሰው። ሁለቱ ወላጆች፣ አብራችሁ የምትኖር አያት ካለች እሷ፣ የክፍል መምህሩ። ለመምህሩ «አንዳንዴ የሚረብሸው ድምፅ አለ፤ ሲፈራ ካያችሁ ውጣና ውሃ ጠጣ በሉት» ማለት ይበቃል። ሰፈሩ ካወቀ ልጁ «ያ ዕብዱ» ይባላል። ድምፁ በጥቂት ወር ሊለቀው ይችላል፤ ስሙ ግን እስከ ሠርጉ ይከተለዋል።

ስለ ጠበል ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ውሰዱት። ሙስሊም ቤተሰቦችም ቁርኣን ያስቀሩለታል። እምነታችሁ ለልጁም ለእናንተም ብርታት ነው፤ ከሕክምና ጋር አይጣላም። የምለምናችሁ አምስት ነገር ነው። ልጁ አይታሰር፣ አይመታ። ጭስ አፍንጫው ሥር አይታጠን። ትኩሳት ያለው ልጅ በብርድ አይጠመቅ፣ ባዶ ሆዱንም ቀኑን ሙሉ አይዋል። የጀመረው መድኃኒት አይቋረጥ፤ በተለይ ፊኖባርቢታልን የመሰለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የማያቆም መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። እሱ በሚሰማበት «ይህን ልጅ ይዞታል» አይባል። ለንስሐ አባታችሁ ይህን ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ይረዷችኋል። እኔ ጋ ልጅ እጁን ይዘው ያመጡ ቄስ አሉ።

እርምጃ 10፦ ወደ ሕክምና መሄድ

የአደጋ ምልክት ባይኖርም ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚህ ሳምንት ሂዱ፦ ድምፁ ቀንም የሚመጣ ከሆነ፤ ከ14 ቀን በኋላም ካልቀነሰ፤ ልጁ ከጨዋታ ከራቀ ወይም ትምህርቱ ከወደቀ፤ ሰው ሊጎዳኝ ነው ብሎ ከጠረጠረ፤ ንግግሩ ካልተያያዘ።

ጉዞው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። እዚያ ትኩሳቱን፣ ወባውን፣ ጆሮውን ያዩለታል፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፋሉ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም አለ። ሪፈሩን ሳትይዙ ከሄዳችሁ ካርድ ክፍል ቀናችሁ ይባክናል። መንገድ የማያስኬድ ሰሞን ከሆነ ለጤና ጣቢያው በስልክ ሪፖርት አድርጉ፣ ደብተሩን መሙላታችሁንም አታቁሙ።

ከባለሙያው ፊት ስትቀርቡ «ልጄ አብዷል» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጁ እየሰማችሁ ነው። ደብተሩን፣ ሥዕሉን፣ ቪዲዮውንና የመድኃኒት መያዣውን አቅርቡ። ከዚያ «ልጁን ለብቻው ያናግሩልኝ፤ እኔንም ለብቻዬ» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። አንዳንዱ ነገር እናት ፊት አይወጣም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

የአጎትን ክኒን መስጠት። ቤት ውስጥ ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ «ለእሱ ሠርቷል» ተብሎ ለልጁ ግማሽ ይሰጠዋል። ይህ አደገኛ ነው። የልጅ አንገት ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። ይህ ከደረሰ ክኒኑን ይዛችሁ ሩጡ፤ ማርከሻ መድኃኒት አለው። አብዛኞቹ ድምፅ የሚሰሙ ልጆች ክኒን ጭራሽ አያስፈልጋቸውም።

እንዲክድ ማስገደድ። በኩርኩም «አልሰማሁም በል» የተባለ ልጅ አልሰማሁም ይላል። ቤተሰቡም ዳነ ብሎ ያርፋል። ከዓመት በኋላ ሲመጣ ድምፁ ሦስት ሆኗል፣ የሚያውቅ ግን ሰው አልነበረም።

ለእንግዳ ማሳየት። «እስኪ ለአክስትህ የሚልህን ንገራት» አይባልም።

ጠፋ ብሎ ደብተሩን ማቃጠል። ድምፁ ከጠፋ በኋላ ለ3 ወር ያህል በሳምንት አንዴ ብቻ፣ በጨዋታ መሀል፣ «ያ ድምፅ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሄደ» ካለ ቀኑን ጽፋችሁ ወደ ጨዋታው ተመለሱ። ተመልሶ ከመጣ ከእርምጃ 3 ጀምሩ፤ በዚያው ደብተር፣ በሚቀጥለው ገጽ።